ሁለት መስመር፥ አንድ ኬላ

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ሌሎቹን ሁሉ አስቀርቶ ገጹን ይዞብናል። ጸሐፊው በአንድ የዞን ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ሥራ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ናቸው። የተቀጠሩት ለመዝገብ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ኮምፒዩተር ያውቃሉ ስለ ተባለ የመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት ጣጣ ሁሉ በእሳቸው ላይ ወድቋል። ይህ ነገር በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው። በእኛም በመምህራኑ ዘንድ ቢሆን ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው የማተሚያ መሣሪያ ሐኪም መሆኑ አይቀርም።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሥራው እንዳይቋረጥ በማሰብ ሁለት የኢንተርኔት መስመር ገዝቷል። አንደኛው በፋይበር ገመድ የሚመጣ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከሌላ ኩባንያ በአየር የሚመጣ ነው። ሁለቱም መስመሮች ፋየርዎል በሚባለው ሣጥን ላይ ተሰክተዋል። ባለፈው ወር ከከተማው ውጭ መንገድ ሲቈፈር ፋይበሩ ተቈረጠ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድም ጉዳይ ሳይፈጸም ቀረ፤ ከገጠር በሌሊት ተነሥተው የመጡ ባለጉዳዮችም «ነገ ተመለሱ» ተብለው ተሰናበቱ። ሁለተኛው መስመር ግን በዚያው ሰዓት ደኅና ነበር፤ ጸሐፊው በስልካቸው አገናኝተው አይተውታል። እንዲያውም እጅግ ያስደነቃቸው ነገር፥ በፋየርዎሉ ገጽ ላይ የተቈረጠው መስመር ሳይቀር አረንጓዴ ምልክት እያሳየ መዋሉ ነው።

«አለቃዬ፥ ‹ሁለት እየከፈልን በአንድም ሳንሠራ ዋልን፤ ተጠያቂው ማን ነው?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ስሜም በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል» ሲሉ ደብዳቤያቸውን ይደመድማሉ።

የአለቃው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት መስመር መግዛትና ሁለት መንገድ ማግኘት ግን አንድ ነገር አይደሉም። መስመሩን ኩባንያው ይሸጣል፤ መንገዱን የሚመርጠው ግን በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ደግሞ ካልተነገረው በቀር ምንም አያውቅም። በአገራችን ይህ ጥያቄ ገና ትኩስ ነው፤ ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ፈቃድ ያገኘው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት «የትኛው ኩባንያ በየትኛው በር ይውጣ?» ብሎ የሚጨነቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብዙ አልነበረም።

እንግዲህ ከሣጥኑ እንጀምር። ፋየርዎል ማለት በመሥሪያ ቤቱ መረብና በውጭው ዓለም መካከል የቆመ ኬላ ነው። በጥንቱ ዘመን ሲራራ ነጋዴ በኬላ ሳይፈተሽ እንደማያልፍ ሁሉ፥ ከኮምፒዩተራችን የሚወጣውም ሆነ ወደ እሱ የሚገባው እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ፥ ባለሙያዎች ፓኬት የሚሉት ማለት ነው፥ በዚህ ኬላ በኩል ያልፋል። የኬላው ሹም ሁለት ሥራ አለው፤ ይለፍ ወይስ ይመለስ ብሎ ይፈርዳል፤ እንዲያልፍ የፈቀደለትንም በየትኛው በር ይውጣ ብሎ ይመራዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ነው። የወጣቱን ወዳጃችንን ስም በቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፈረው ግን ሁለተኛው ነው።

ሹሙ በር የሚመርጠው የመንገድ ሠንጠረዥ የሚባለውን ዝርዝር ተመልክቶ ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወጪ ደብዳቤ ሲመጣ የመዝገብ ሹሙ አድራሻውን ያነባል፤ «ለዚህ ወረዳ ከሆነ በዚህ ተላላኪ፥ ለዚያ መምሪያ ከሆነ በዚያኛው» ተብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር አለው፤ አድራሻው ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን «ሌላው ሁሉ በፖስታ ቤት» በሚለው በመጨረሻው መስመር ይሄዳል። በፋየርዎሉም ዘንድ እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አድራሻዎች ተዘርዝረው ስለማያልቁ፥ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው ፓኬት ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚሄደው «ሌላው ሁሉ» በሚለው መስመር ነው። ይህ መስመር ደግሞ የሚያሳየው አንድ በር ብቻ ነው። ሁለተኛው ገመድ ቢሰካም፥ ኪራዩ በየወሩ ቢከፈልም፥ በሠንጠረዡ ላይ ተራ ካልተሰጠው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ እንደሚውል ተላላኪ ነው፤ ደመወዙን ይበላል፥ ደብዳቤ ግን አይሰጠውም።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት እንዲመቸን ጠያቂያችን ያላቸውን ሣጥን እንውሰድ። በላዩ ላይ የሚሠራው ፒኤፍሴንስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 የተጀመረ ሲሆን፥ አንዱ ዓይነቱ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ባረጀ ኮምፒዩተር ላይ ሳይቀር ሊጫን ይችላል። ሌላ ሣጥን ያላችሁ አንባብያን፥ ለምሳሌ የላትቪያውን ሚክሮቲክ የምትጠቀሙ፥ ስሞቹና ቍልፎቹ ይለዩባችኋል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

በፒኤፍሴንስ ላይ እያንዳንዱ መስመር መውጫ በር ይኖረዋል። በሮቹም በቡድን ተሰብስበው በደረጃ ይመደባሉ። ፋይበሩን ደረጃ 1፥ የአየሩን መስመር ደረጃ 2 ብለን ብንሰይም፥ ሣጥኑ ደረጃ 1 በሕይወት እስካለ ድረስ ሁሉን በእሱ ይልካል፤ ሲሞት ደግሞ ወደ ደረጃ 2 ያዞራል። ሁለቱንም ደረጃ 1 ብንላቸው ግን ሥራውን ያካፍላቸዋል። ጠያቂያችን የላኩልንን ዝርዝር ስንመለከት ቡድኑን በሚገባ ሠርተዋል፤ ደረጃውንም አላሳሳቱም። ታዲያ ሥራው ለምን ቆመ?

አንደኛውን ምክንያት አረንጓዴው ምልክት ይነግረናል። ሣጥኑ አንድ መስመር መሞቱን የሚያውቀው ዝም ብሎ አይደለም፤ «አለህን?» እያለ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ሌላ ካልታዘዘ በየግማሽ ሴኮንዱ ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ ይህም በአንድ ደቂቃ 120 ጥያቄ ማለት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከተላኩት ጥያቄዎች ከመቶው 20 ያህሉ ሳይመለሱ ከቀሩ መስመሩ ሞቷል ብሎ ይፈርዳል። ስሌቱን ተማሪዎች ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ የ120 ከመቶ 20 እጅ 24 ነው፤ 24 ጥያቄ ለመላክ 12 ሴኮንድ ይበቃል፤ ስለዚህ መስመሩ በድንገት ቢቈረጥ ሣጥኑ ከሩብ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ያውቃል።

ግን ጥያቄው የሚላከው ለማን ነው? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ሌላ አድራሻ ካልሰጠው በቀር ሣጥኑ የሚጠይቀው ለእሱ ቅርብ የሆነውን በር ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ኩባንያው አምጥቶ በዚያው ክፍል ውስጥ ያስቀመጠው ትንሹ መሣሪያ ነው። ፋይበሩ የተቈረጠው ከከተማው ውጭ ነው፤ ትንሹ መሣሪያ ግን ከፋየርዎሉ አንድ ክንድ ርቀት ላይ በመብራት ተሰክቶ ተቀምጧል። «አለህን?» ሲባል «አለሁ» ይላል፤ አልዋሸም። ፋየርዎሉም አረንጓዴውን ያበራል። እንዲህም ሆኖ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ በሞተው መስመር ላይ ሲፈስ ዋለ።

መድኀኒቱ ሩቅ መጠየቅ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ከኩባንያው መሣሪያ ባሻገር፥ እንዲያውም ከአገር ውጭ ያለ የታወቀ አድራሻ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የሚመርጣቸው የጉግል 8.8.8.8 እና የክላውድፍሌር 1.1.1.1 ናቸው። ነገር ግን ሁለቱን መስመሮች በአንድ አድራሻ ማስጠበቅ አይቻልም። ሣጥኑ 8.8.8.8ን ለፋይበሩ ሲመድብ «ወደዚህ አድራሻ የሚሄድ ሁሉ በፋይበሩ ብቻ ይውጣ» ብሎ በሠንጠረዡ ላይ ይጽፋል፤ አለዚያማ ፋይበሩ ሞቶ ጥያቄው በአየሩ መስመር ዞሮ ቢመለስ፥ ሬሳው በሕይወት አለ ተብሎ ሊነገርለት ነው። ስለዚህ ለአንዱ አንድ፥ ለሌላው ሌላ።

ጥበቃውን ማጥበቅም ልክ አለው። ፕሮግራሙ ጥያቄው ደርሶ ለመመለስ በአማካይ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ከፈጀ መስመሩን እንደ ሞተ ይቈጥረዋል። በእኛ አገር የአየር መስመር ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይህን ያህል ቢዘገይ የሚገርም አይደለም። ያን ጊዜ ሣጥኑ በየደቂቃው መስመር ሲገለብጥ ይውላል፤ ይህ ደግሞ ከቀስተኛ መስመር ይልቅ ሠራተኛውን ያማርራል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል የመስመሩን ጠባይ ተመልክቶ ገደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥብቅ ጠባቂ ምን ያህል እንደሚጐዳ ለማየት የፌስቡክን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በአውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 2021 የኩባንያው የጥገና ትእዛዝ የውስጥ መረቡን አቋረጠው። የስም መዝገቡን የያዙት ማዕከሎች፥ ወደ ዋናዎቹ የመረጃ ማዕከሎች መድረስ ሲያቅታቸው «ታመናል» ብለው አድራሻቸውን ከዓለም የመንገድ ሠንጠረዥ ላይ እንዲያነሡ ታዝዘው ነበር፤ እንደ ታዘዙትም ሁሉም በአንድ ጊዜ አነሡ። ማዕከሎቹ ራሳቸው አልሞቱም ነበር፤ ግን የሚያገኛቸው ጠፋ። ፌስቡክ፥ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ተሰወሩ።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። ሁለተኛው ምክንያት የደንቦቹ ተራ ነው። የመውጫ ቡድን መሥራት ብቻውን ምንም አይለውጥም፤ «ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች የሚወጣው ሁሉ በዚህ ቡድን በኩል ይሂድ» የሚል ደንብ በኬላው መጽሐፍ ላይ መጻፍ አለበት። በጠያቂያችን ሣጥን ላይ ይህ ደንብ አልተጻፈም፤ ቡድኑ ተቋቁሟል፥ ሥራ ግን አልተሰጠውም። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ኮሚቴዎችን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ደንቡን ስንጽፍም ሣጥኑ ከላይ ወደ ታች እንደሚያነብና በመጀመሪያ ባገኘው ደንብ ላይ እንደሚቆም መርሳት አይገባም። መሥሪያ ቤቱ በውስጡ ሁለት መረብ ቢኖረው፥ ለምሳሌ ኮምፒዩተሮቹ በአንዱ፥ የማተሚያ መሣሪያዎችና የሰነድ ማስቀመጫው በሌላው ላይ ቢሆኑ፥ «ሁሉ በቡድኑ በኩል ወደ ውጭ ይሂድ» የሚለው ደንብ ወደ ማተሚያው የሚሄደውን ወረቀት ሳይቀር ወደ ውጭ ሊሰደው ነው። ማተሚያው ከጐን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሰነዱ ወደ ውቅያኖስ ማዶ ጉዞ ይጀምራል፤ መድረሻም አያገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በላይ «ወደ ውስጥ መረቦች የሚሄደው በተለመደው መንገድ ይሂድ» የሚል ደንብ ይጻፋል፤ የቡድኑ ደንብ ከእሱ በታች ይከተላል።

በሁለቱ መካከል ደግሞ የተለየ ጉዳይ ያለው ሊገባ ይችላል። አንዳንድ የፋይናንስና የመረጃ ሥርዓቶች የሚቀበሉት አስቀድሞ ከተመዘገበ አድራሻ የመጣውን ብቻ ነው። ፋይበሩ ቋሚ አድራሻ ካለውና የተመዘገበው እሱ ከሆነ፥ ወደዚያ ሥርዓት የሚሄደው በፋይበሩ ብቻ እንዲወጣ ደንብ ይጻፍለታል። ፋይበሩ ሲሞት ይህ ሥራ ይቆማል፤ አለቃውም ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። ሁለተኛው ኩባንያ ቋሚ አድራሻ የሚሸጥ ከሆነ እሱንም ማስመዝገብ ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚስተው ነው። ኢንተርኔት የሚሄደው በቍጥር እንጂ በስም አይደለም። እኛ የድርጅቱን ስም እንጽፋለን፤ ዲኤንኤስ የሚባለው የስም መዝገብ ደግሞ ስሙን ወደ ቍጥር ይመነዝራል። መዝገቡን የሚጠይቅልን ብዙውን ጊዜ ራሱ ፋየርዎሉ ነው። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ ከላይ የጻፍነው የቡድን ደንብ የሚገዛው ከኮምፒዩተሮቹ የሚመጣውን ነው እንጂ ኬላው ራሱ የሚልከውን አይደለም። የኬላው ሹም የራሱን ደብዳቤ የሚልከው «ሌላው ሁሉ» በሚለው በአሮጌው መስመር ነው። ያ መስመር አሁንም ፋይበሩን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፥ የሠራተኞቹ መንገድ በትክክል ወደ አየሩ ቢዞርም ስም የሚመነዝርላቸው አጥተው «ኢንተርኔት የለም» ይላሉ። በእርግጥ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ የጠፋው የስም መዝገቡ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረጋል። የሣጥኑ የራሱ ዋና መውጫ አንዱ መስመር መሆኑ ቀርቶ ቡድኑ እንዲሆን ይታዘዛል፤ የፒኤፍሴንስ አዳዲስ እትሞች ይህን ይፈቅዳሉ። ቀጥሎም ቢያንስ ሁለት የስም መዝገቦች ይመዘገባሉ፤ አንዱ በፋይበሩ፥ ሌላው በአየሩ በኩል የሚደረስበት። ጠያቂያችን የመዘገቧቸው ሁለቱም የፋይበሩ ኩባንያ መዝገቦች ናቸው። ከዚያ ኩባንያ መስመር ውጭ ሆኖ ለሚጠይቃቸው መልስ ላይሰጡ ይችላሉና፥ ሁለት ተብለው ተጽፈዋል እንጂ አንድ ናቸው።

ስለ አድራሻ ከተነሣ አንድ ትንሽ እንቅፋት እግረ መንገዴን ልጥቀስ። ኩባንያዎቹ የሚያመጧቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ 192.168.1.1 የሚል አድራሻ ይዘው ይመጣሉ። ፒኤፍሴንስም ለውስጥ መረቡ ሲጫን የሚወስደው ይህንኑ ነው። ሦስቱም አንድ ስም ይዘው በአንድ ቤት ከተሰበሰቡ ሹሙ «ወደ 192.168.1.1 አድርስ» ሲባል ወደየትኛው እንደሚሄድ አያውቅም። ገመዶቹ ከመሰካታቸው በፊት የሦስቱ አድራሻ እንዲለያይ ማድረግ ግማሽ ቀን ከሚፈጅ ፍለጋ ያድናል። ደግሞም እያንዳንዱ ፓኬት ሲወጣ የበሩን አድራሻ ለብሶ ነው የሚወጣው፤ ይህን የአድራሻ ለውጥ ሣጥኑ ራሱ እንዲያደርገው ከተተወ ለሁለቱም በሮች ያደርገዋል፤ በእጁ ሊጽፈው የፈለገ ሰው ግን ለሁለተኛውም በር መጻፉን ያረጋግጥ።

አሁን ብዙ አንባቢ በልቡ የያዘውን ጥያቄ ላንሣ። ሁለቱንም መስመር በአንድነት ብንሠራባቸው ፍጥነታቸው አይደመርምን? የ20 እና የ10 ሜጋቢት መስመር 30 አይሆኑምን? ሻጮች እንዲህ ይላሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሣጥኑ የሚያካፍለው ግንኙነትን እንጂ አንዱን ግንኙነት ከፍሎ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ትልቅ ፋይል ቢያወርድ ፋይሉ የሚመጣው በአንዱ መስመር ብቻ ነው፤ ከ20 አይበልጥም፤ ዕድሉ ከጣለው ደግሞ ከ10 አይበልጥም። ጥቅሙ የሚታየው ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ ነው፤ ያን ጊዜ ከሦስት ሰው ሁለቱ በትልቁ፥ አንዱ በትንሹ እንዲሄዱ ለመስመሮቹ ሁለት ለአንድ የሆነ ክብደት ይሰጣቸዋል።

ጉዳቱ ግን አለ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ባንክ ገጽ ስትገባ የመጀመሪያው ግንኙነቷ በፋይበሩ፥ ሁለተኛው በአየሩ ቢወጣ፥ ባንኩ አንድን ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሁለት አድራሻ ያየዋል፤ ሌባ ነው ብሎም ያስወጣታል። አንድን ሰው በያዘው መስመር ላይ የሚያጸና ቍልፍ በፕሮግራሙ ውስጥ አለ፤ እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የምተማመንበት አይደለም። በበኩሌ ለመሥሪያ ቤት የሚሻለው አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ መሆኑ ነው እላለሁ። ማካፈሉ ለተማሪዎች ማደሪያ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ ቤት ይሁን።

ተጠባባቂውም ቢሆን ሲተካ ሁሉን ነገር ሳይነቃነቅ አያሻግርም። ሣጥኑ የጀመረውን ግንኙነት ሁሉ በመዝገብ ይይዛል፤ በፋይበሩ የተጀመረ የቪዲዮ ስብሰባ ፋይበሩ ሲቈረጥ አብሮ ይቈረጣል፤ በአዲስ መልክ መጀመር አለበት። ፋይበሩ ሲመለስ ደግሞ በአየሩ ላይ የተጀመሩት ራሳቸው እስኪያልቁ ድረስ በዚያው ሊቀሩ ይችላሉ። የአየሩ መስመር በጊጋባይት የሚከፈልበት ከሆነ ይህ በወሩ መጨረሻ በደረሰኝ ላይ ይታያል። መስመር ሲቀየር አሮጌዎቹን ግንኙነቶች የሚያቋርጥ ቍልፍ ስላለ፥ ምን ላይ እንዳለ ማየት ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሣጥኑ ሊያውቀው የማይችል አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ሁለቱ መስመሮች ከግቢው ከወጡ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ነው። ሁለት ኩባንያ ማለት ሁል ጊዜ ሁለት ጕድጓድ ማለት አይደለም። የአየሩ መስመር ከሞባይል ማማው በኋላ በፋይበር ሊጓዝ ይችላል፤ ያም ፋይበር የመጀመሪያው ገመድ በተቀበረበት በዚያው መንገድ ዳር ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪክም አለ። ሁለቱ መሣሪያዎችና ፋየርዎሉ በአንድ ሶኬት ላይ ከተንጠለጠሉ መብራት ሲጠፋ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ።

ነገሩን ከፍ አድርገን ብንመለከተውም ያው ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች የምትደርሰው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በፌብሩወሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ገመዶች ተጐድተው ነበር። ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ናቸው፤ የተዘረጉት ግን በአንድ ጠባብ ባሕር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የካናዳው ታሪክ ትምህርት ይሆነናል። በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 8 ቀን 2022 ሮጀርስ የሚባለው ታላቅ የቴሌኮም ኩባንያ በዋናው መረቡ ላይ ማሻሻያ ሲያደርግ የመንገድ መረጃ የሚያጣራ አንድ ደንብ ተሰረዘ። ዋናዎቹ ራውተሮች ከሚችሉት በላይ የመንገድ መረጃ ጐረፈባቸውና ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አንድ ቀን ያህል ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት ቀሩ። በዚያ አገር የባንክ ካርድ ክፍያን የሚያገናኘው ኢንተራክ የተባለው ድርጅት በሮጀርስ መስመር ላይ ተመክቶ ስለ ነበር፥ የሌላ ኩባንያ ደንበኛ የሆነው ሰው ሳይቀር ገበያ ወጥቶ በካርዱ መክፈል አቃተው። ከዚህ በኋላ ነው ኢንተራክ ሌላ ተጨማሪ አቅራቢ እይዛለሁ ያለው። የሮጀርስ ባለሙያዎች ደግሞ ወደ ተበላሹት ራውተሮች የሚገቡበት የአስተዳደር መረብ በተበላሸው መረብ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር የራሳቸውን መሣሪያ ማግኘት ተሳናቸው።

ጠያቂያችን እንግዲህ ለአለቃዎ የሚሰጡት መልስ ሦስት ነገር የያዘ ይሆናል፤ ሣጥኑ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አይጠይቅም ነበር፤ የመውጫው ቡድን ደንብ አልተጻፈለትም፤ የስም መዝገቦቹ ሁለቱም ከአንድ ኩባንያ ናቸው። ሦስቱም ገንዘብ ሳይጠይቁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታረማሉ። ከመንካትዎ በፊት ግን የሣጥኑን ነባር ትእዛዝ በፋይል ገልብጠው ያስቀምጡ።

ከታረመ በኋላ መሞከር አለበት። አብዛኛው ሰው የሚሞክረው ከፋየርዎሉ ላይ ገመዱን በመንቀል ነው። ይህ ሙከራ ብዙም አያስረዳም፤ ገመዱ ከራሱ ላይ ሲነቀል ሣጥኑ ያለ ማንም ነጋሪ ያውቃልና። ባለፈው ወር የደረሰውን በትክክል የሚመስለው፥ የኩባንያው ትንሽ መሣሪያ መብራቱ እንደ በራ ሆኖ ከበስተኋላው የሚገባው ፋይበር ሲነቀል ነው። ፋይበር ቀጭንና ተሰባሪ ስለ ሆነ ጫፉ በጣት ሳይነካ፥ ሳይታጠፍም በቀስታ ይነቀል፤ ክዳን ካለውም ይከደን። ጊዜው ባለጉዳይ የሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ አለቃውም አስቀድመው ይወቁት።

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ፋይል እየወረደ፥ በሌላው ላይ የድምፅ ጥሪ ተከፍቶ፥ በሦስተኛው ላይ ከዚያ ቀን በፊት ያልተከፈተ ገጽ ስሙ ተጽፎ ይጠበቅ፤ ሦስተኛው ኮምፒዩተር የስም መዝገቡን ይፈትናል። ገመዱ የተነቀለበት፥ ምልክቱ ቀይ የሆነበት፥ ገጹ የተከፈተበት ሰዓት ከነሴኮንዱ ይጻፍ። ገመዱ ሲመለስም እንደዚሁ። ወረቀቱ አንዱ ቅጅ ለመዝገብ ቤት ይሰጥ፤ ሌላው ከሣጥኑ ጐን በግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ከሥሩም የሁለቱ ኩባንያዎች የጥገና ክፍል ስልክ ቍጥር ይጻፍበት።